የአሜሪካ እጅ እስከ መንደራችን እንዴት ደረሰ?



በአሽቀሎን በየቤታችን ልጆች ከትምህርት ቤት ይዘዋቸው ከሚመለሱት ጥያቄዎች አንዱ «ወደዚህ አገር ማን አመጣን?» የሚል ነው። መልሱ እንደ መላሹ ይለያያል። አያት «ያመጣንማ እግዚአብሔር ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ የገዛ እግራችን» ይላሉ። አባት አውሮፕላኑን እያስታወሰ «የእስራኤል መንግሥት ነው» ይላል። ከፊልም ጋር ያደገው ልጅ ደግሞ «አሜሪካ ናት እንጂ!» ብሎ ይከራከራል። ከጎረቤትም «አሜሪካ ከጥቅሟ በቀር ለእኛ ብላ መች አንድ ነገር አደረገች?» የሚል አይጠፋም።

እኛም ይህን ክርክር በማኅበራችን ደጋግመን ሰምተናል። ሁሉም ከእውነቱ አንዳንድ ቁራጭ ይዘዋል። ሙሉው እውነት ግን የሚታየው ቁራጮቹን ገጣጥሞ ለሚያይ ነው። በመሆኑም በዚህ ጽሑፍ የአሜሪካ ኃይል ከየት ተነሥቶ እንዴት ወደ ኢትዮጵያ እንደ ደረሰ፣ በመጨረሻም ከእኛ ከቤተ እስራኤል ጉዞ ጋር እንዴት እንደ ተገናኘ በአጭሩ ለማስረዳት እንሞክራለን። ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። እናቱ ወይም ወንድሙ ዛሬም በጎንደርና በአዲስ አበባ ተራ የሚጠብቁለት ሰው በመካከላችን አለ። ኃያላን መንግሥታት መቼና በምን ምክንያት እንደሚንቀሳቀሱ ማወቅ ለእንዲህ ዓይነቱ ቤተሰብ ትልቅ ጥቅም አለው።

በጽሑፉ የሚገኙት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን እናስታውቃለን።

አቡጀዲና የመጀመሪያው ውል

አሜሪካ ከጅምሩ በዓለም ጉዳይ ሁሉ የምትገባ አገር አልነበረችም። ነፃነቷን በ1776 ካወጀች በኋላ ከመቶ ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ የራሷን ሰፊ ምድር በመያዝና በማስፋፋት ተጠምዳ ቆይታለች። ፕሬዚዳንት ጄምስ ሞንሮ በ1823 ባወጡት መግለጫ የአውሮፓ መንግሥታት በአሜሪካ አህጉር አዲስ ቅኝ ግዛት እንዳይዙ አስጠንቅቀው፣ አሜሪካም በበኩሏ በአውሮፓውያን ጠብ ውስጥ እንደማትገባ አስታውቀው ነበር። ይህ አቋም እየተለወጠ የመጣው ፋብሪካዎቿ በዝተው ለሸቀጧ የውጭ ገበያ ስትፈልግ ነው። በ1898 ከስፔን ጋር ተዋግታ ፖርቶ ሪኮን፣ ጉዋምንና ፊሊፒንስን በመያዝ ከባሕር ማዶ ግዛት ያላት አገር ሆነች።

ይህ በሆነ በአምስተኛው ዓመት አንድ የአሜሪካ መልእክተኛ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። ሮበርት ስኪነር ይባላል፤ በፈረንሳይ አገር በማርሴይ ከተማ የአሜሪካ ቆንስል ነበር። የላኩትም ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ናቸው። ስኪነር ከጅቡቲ እስከ ድሬዳዋ በባቡር፣ ከዚያም እስከ አዲስ አበባ በበቅሎ ተጉዞ፣ ዲሴምበር 27 ቀን 1903 ከዓፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ተፈራረመ።

ሰውየው ይህን ሁሉ መንገድ የመጣው ለምን ነበር? ዋናው ምክንያት ጨርቅ ነው። አቡጀዲ እያልን የምንጠራው ያልነጣ የጥጥ ጨርቅ በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ ገበያ በብዛት ይሸጥ የነበረው ከአሜሪካ ፋብሪካዎች እየመጣ ነበር። ከኢትዮጵያም ቆዳና ቡና ወደ አሜሪካ ይሄድ ነበር። ዓፄ ምኒልክ ደግሞ ከአድዋ ድል በኋላ በዙሪያቸው ካሉት የአውሮፓ ቅኝ ገዢዎች ሌላ፣ በአካባቢው መሬት የማይፈልግ ወዳጅ ማግኘቱን ይፈልጉት ነበር። ስለዚህ ውሉ ሁለቱንም ወገን ጠቀመ። የአሜሪካ እጅ መጀመሪያ ወደ አገራችን የገባው መድፍ ሳይሆን ጣቃ ጨርቅ ይዞ መሆኑን እናስታውስ።

«ገለልተኛ ነን» የተባለበት ጊዜ

ንግድ ግን በችግር ቀን የሚደርስ ወዳጅ አያደርግም። ይህን ኢትዮጵያ በ1935 በግልጽ አየችው። የሙሶሊኒ ጦር ኦክቶበር 3 ቀን 1935 ኢትዮጵያን ወረረ። ከዚያ ቀደም ብሎ በኦገስት ወር የአሜሪካ ምክር ቤት የገለልተኝነት ሕግ አውጥቶ ነበር። ሕጉ ለሚዋጉ ወገኖች ለሁለቱም የጦር መሣሪያ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ሲያዩት ፍትሐዊ ይመስላል። ነገር ግን ኢጣሊያ መሣሪያዋን በገዛ ፋብሪካዋ ትሠራለች፤ ኢትዮጵያ ግን ከውጭ ካልገዛች ምንም አልነበራትም። በዚያ ላይ ነዳጅ በሕጉ ስላልተከለከለ የአሜሪካ ኩባንያዎች ለኢጣሊያ መሸጣቸውን አላቆሙም።

በሌላ በኩል የአሜሪካ ሕዝብ ከመንግሥቱ የተለየ ድምፅ አሰምቷል። በተለይ ጥቁር አሜሪካውያን በኒውዮርክና በቺካጎ ሰልፍ ወጥተዋል፤ ገንዘብም አዋጥተዋል። ከእነሱም አንዱ ጆን ሮቢንሰን የተባለው አብራሪ አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ የንጉሠ ነገሥቱን አውሮፕላን አብርሯል። የአሜሪካ መንግሥትም ጦርነቱን ባያስቆም የኢጣሊያን ወረራ በሕግ አልተቀበለም። ያኔ ወረራውን ካልተቀበሉት ጥቂት አገሮች አንዷ አሜሪካ ነበረች።

እዚህ ላይ ልብ እንድንል የምንፈልገው አንድ ነገር አለ። አሜሪካ አንድ ሰው አይደለችም። መንግሥት አለ፣ ምክር ቤት አለ፣ ኩባንያ አለ፣ ተራ ዜጋ አለ። አንዱ ዝም ሲል ሌላው ይጮኻል። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የእኛንም ጉዳይ ወደ ፊት የገፋው ይኸው ነው።

በመርከብ ላይ የተደረገ ስብሰባ

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካን ፈጽሞ ለወጣት። አውሮፓ ስትፈርስ እሷ በሀብትም በጦርም ቀዳሚ ሆና ወጣች። ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ከያልታ ጉባኤ ሲመለሱ፣ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1945 በስዌዝ ቦይ ላይ በሚገኘው ታላቁ መራራ ሐይቅ ኩዊንሲ በተባለች የጦር መርከብ ላይ ዓፄ ኃይለ ሥላሴን ተቀብለው አነጋገሩ። በዚያው ቀን የግብፁን ንጉሥ ፋሩቅን፣ በማግሥቱም የሳውዲ ዓረቢያውን ንጉሥ ኢብን ሳዑድን አነጋግረዋል። ቀድሞ እንግሊዝ ብቻዋን ስታዝዝበት በነበረው አካባቢ አዲስ ኃያል መምጣቱን ሁሉም ተረዳው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በፍጥነት ሄደ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1945 መጨረሻ ቲ ደብሊው ኤ ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋር በተደረገ ስምምነት ተቋቋመ፤ የመጀመሪያ በረራውንም በኤፕሪል 1946 ወደ ካይሮ አደረገ። በ1950 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌደሬሽን እንድትተሳሰር ሲወስን አሜሪካ ደገፈች። ኢትዮጵያም በፈንታዋ ቃኘው የተባለውን ሻለቃ ጦር ወደ ኮሪያ ላከች። ሜይ 22 ቀን 1953 የተፈረሙት ስምምነቶች ደግሞ ለኢትዮጵያ የጦር መሣሪያና ሥልጠና፣ ለአሜሪካ ደግሞ አስመራ ላይ ለ25 ዓመት የሚቆይ የመገናኛ ጣቢያ ሰጡ። ጣቢያው በኮሪያ በተዋጋው ጦር ስም «ቃኘው» ተባለ።

አስመራ ለምን ተመረጠች? ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ለምድር ወገብም ቅርብ ናት። እነዚህ ሁለቱ የሬዲዮ ሞገድን ከሩቅ ለመቀበል ምቹ አደረጓት። በዚያን ጊዜ በአሜሪካና በሶቭየት ኅብረት መካከል «ቀዝቃዛው ጦርነት» የተባለው ፉክክር ስለ ነበረ፣ የሌላውን ወሬ የሚሰማ ጆሮ ከመድፍ በላይ ዋጋ ነበረው።

ሆኖም አሜሪካ የመጣችው በሬዲዮ ጣቢያ ብቻ አይደለም። ፕሬዚዳንት ትሩማን በ1949 ባስታወቁትና «አራተኛው ነጥብ» በሚባለው የእርዳታ ፕሮግራም መሠረት ትምህርት ቤትና ጤና ተስፋፋ። የዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ በኦክላሆማ የእርሻ ኮሌጅ መምህራን እርዳታ ቆመ። በጎንደርም በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተከፈተ፤ የኢትዮጵያ መንግሥት፣ የዓለም የጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና አሜሪካ በጋራ የደገፉት ነበር። ከዚያ የወጡት የጤና መኮንኖች፣ ነርሶችና የጤና አጠባበቅ ሠራተኞች በየገጠሩ ተሠማሩ። በ1962 ደግሞ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ያቋቋሙት የሰላም ጓድ ወደ 280 የሚጠጉ ወጣት አስተማሪዎችን በአንድ ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ ላከ። በመካከላችን እንግሊዝኛን ከ«ፒስ ኮር» መምህር የተማሩ ሰዎች አሉ።

ይህ ሁሉ ሲሆን እኛ የት ነበርን? በወለቃ፣ በአምቦበር፣ በሰሜን ተራሮችና በወልቃይት መንደሮቻችን ውስጥ ነበርን፤ የሰው መሬት እያረስን፣ ብረት እየቀጠቀጥን፣ ሸክላ እየሠራን፣ ሰንበት እየጠበቅን። በአዲስ አበባና በዋሽንግተን መካከል በተፈረመው ወረቀት ስለ ቤተ እስራኤል የተጻፈ ነገር አልነበረም። ለአሜሪካ ኢትዮጵያ ማለት ያኔ አንድ ንጉሥ፣ አንድ ጦርና አንድ የሬዲዮ ጣቢያ ማለት ነበረች።

ወዳጅ ሲለዋወጥ

በሰማይ የሚዞሩ ሳተላይቶች እየበዙ ሲሄዱ የቃኘው ጣቢያ ጥቅም ቀነሰ። ንጉሠ ነገሥቱም በ1974 ከዙፋን ወረዱ። ደርግ ሰው መግደሉን ሲያበዛ፣ በጃንዋሪ 1977 ሥልጣን የያዙት ፕሬዚዳንት ካርተር በሰብአዊ መብት ምክንያት ለኢትዮጵያ የሚሰጠው የጦር እርዳታ እንዲቀነስ አደረጉ። ደርግም በኤፕሪል ወር ቃኘውንና ሌሎች የአሜሪካ መሥሪያ ቤቶችን ዘግቶ ሠራተኞቹን በቀናት ውስጥ አስወጣ። የሶማሊያ ጦር በዚያው ዓመት ኦጋዴንን ሲወርር፣ ቀድሞ ሶማሊያን ታስታጥቅ የነበረችው ሶቭየት ኅብረት ወደ ኢትዮጵያ ዞረች። አሜሪካም በ1980 ከሶማሊያ ጋር ተዋውላ የበርበራን ወደብ መጠቀም ጀመረች። ሁለቱ ኃያላን ቦታ ተለዋወጡ ማለት ነው። ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው እንዲሉ፣ ጉዳቱን የተሸከመው ገበሬው ነበር።

በእስራኤል በኩል ግን ለእኛ አንድ ትልቅ ነገር ተፈጽሞ ነበር። የሰፋርዲም ዋና ረቢ ዖቫድያ ዮሴፍ በ1973 ቤተ እስራኤል አይሁድ መሆናቸውን ወሰኑ፤ በ1975ም መንግሥት የመመለስ ሕግ እንዲመለከተን አደረገ። ጠቅላይ ሚኒስትር ምናሔም ቤጊን በ1977 ከደርግ ጋር ባደረጉት ስምምነት ለኢትዮጵያ መሣሪያ በወሰዱ አውሮፕላኖች መልስ ወደ 120 የሚሆኑ ወገኖቻችን መጡ። ይሁን እንጂ የእስራኤል የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሞሼ ዳያን በፌብሩዋሪ 1978 ምስጢሩን በአደባባይ ስለ ተናገሩ በሩ ተዘጋ።

የሱዳን መንገድ

በሩ ሲዘጋ ሕዝቡ በእግሩ ተነሣ። ፈረደ አክሉም ወደ ሱዳን ተሰድዶ ከእስራኤል ሰዎች ጋር ከተገናኘና መንገዱ እንዳለ ወሬ ከላከ በኋላ፣ ከትግራይና ከወልቃይት፣ ቀጥሎም ከጎንደር ዙሪያ መንደሮች ሰው በሌሊት መውጣት ጀመረ። ሽማግሌና ሕፃን፣ ነፍሰ ጡርና አራስ ሳይቀር ለሳምንታት ተጓዘ። በመንገድ ሽፍታ ዘረፈው፤ በኡም ራኩባና በገዳሪፍ ዙሪያ ባሉት ሰፈሮች ረሃብና ወረርሽኝ ጨረሰው። በመንገድና በሰፈር ያለቁት ወገኖቻችን ወደ 4,000 እንደሚሆኑ ይገመታል። ለእነሱም በ2007 በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል።

የአሜሪካና የእኛ መንገድ በግልጽ የተገናኘው እዚህ ላይ ነው። ሱዳን የዓረብ ሊግ አባል ስለ ነበረች ከእስራኤል ጋር በይፋ ልትነጋገር አትችልም። ከአሜሪካ ግን ትልቅ እርዳታ ትቀበል ነበር፤ አሜሪካ ያን እርዳታ የምትሰጠው በአንድ በኩል ሊቢያን፣ በሌላ በኩል የሶቭየት ወዳጅ የሆነውን ደርግን ለመመከት ብላ ነው። ስለዚህ እስራኤል ልትጠይቀው የማትችለውን ነገር አሜሪካ ልትጠይቅ ቻለች። በካርቱም የአሜሪካ ኤምባሲ ውስጥ የስደተኞች ጉዳይ ኃላፊ የነበረው ጄሪ ዊቨር ከሱዳን ባለሥልጣናት ጋር ተነጋግሮ መንገዱን አመቻቸ። ዘመቻ ሙሴ ኖቬምበር 21 ቀን 1984 ተጀመረ። ሰዎቻችን በሌሊት ከገዳሪፍ በአውቶቡስ ወደ ካርቱም ይወሰዳሉ፤ ከዚያም በአንድ የቤልጅግ አየር መንገድ አውሮፕላኖች በብራስልስ በኩል ወደ እስራኤል ይመጣሉ። በስድስት ሳምንት ውስጥ ከ6,000 በላይ ሰው መጣ። ወሬው በጋዜጣ ስለ ወጣ ሱዳን በጃንዋሪ 1985 መጀመሪያ በረራውን አቆመች።

በሰፈሩ የቀሩት መቶዎች ምን ይሁኑ? በዚህ ጊዜ ነው የተራው ዜጋ ድምፅ የሠራው። የአሜሪካ የኢትዮጵያ አይሁድ ማኅበር የተባለው ድርጅት ከ1974 ጀምሮ ስለ እኛ ሲጽፍ፣ ሲሰበስብና የገዛ መንግሥቱንም የእስራኤልንም መንግሥት ሲወቅስ ቆይቷል። በድርጅቱና በሌሎች ጉትጎታ መቶውም የአሜሪካ ሴናተሮች ለፕሬዚዳንት ሬጋን በተላከ ደብዳቤ ላይ ፈረሙ። ምክትል ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ በማርች 1985 ካርቱም ሄደው ከፕሬዚዳንት ኒሜይሪ ጋር ተስማሙ። በዚያው ወር የአሜሪካ አየር ኃይል አውሮፕላኖች ገዳሪፍ አጠገብ አርፈው ወደ 500 የሚጠጉ ወገኖቻችንን በቀጥታ ወደ እስራኤል አመጡ። አሜሪካውያን «ዘመቻ ኢያሱ»፣ እዚህ ደግሞ «ዘመቻ ሳባ» የተባለው ይህ ነው። ቀኑ ጥቂት ቢያልፍ አይሆንም ነበር፤ ኒሜይሪ በኤፕሪል 6 ከሥልጣን ተወግደዋል።

ሠላሳ ስድስት ሰዓት

በኖቬምበር 1989 በ1973 የተቋረጠው የኢትዮጵያና የእስራኤል ግንኙነት እንደ ገና ተጀመረ። ሶቭየት ኅብረት እጇን እየሰበሰበች ስለ ነበር ደርግ አዲስ ወዳጅ ፍለጋ ላይ ነበር። በ1990 በሺህ የሚቆጠሩ ቤተሰቦች፣ በአሜሪካው ማኅበር ማጓጓዣ ጭምር፣ ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ ወርደው በእስራኤል ኤምባሲ ዙሪያ በኪራይ ቤት ተጠጉ። ብዙ ሕፃናት በዚያ በበሽታ ሞቱ። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የመውጫውን ፈቃድ ለመሣሪያ መለወጫ ሊያደርጉት ስለ ፈለጉ ነገሩ ይጓተት ነበር።

በኤፕሪል 1991 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ፣ ማለትም ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ ካርቱም የሄዱት ሰው፣ የቀድሞውን ሴናተር ሩዲ ቦሽዊትስን በልዩ መልእክተኛነት ወደ አዲስ አበባ ላኩ። ቦሽዊትስ በርሊን የተወለደ፣ ቤተሰቡም ከናዚዎች የሸሸ አይሁዳዊ ነበር። በእስራኤል በኩል ንግግሩን የመሩት ኡሪ ሉብራኒ ነበሩ። ሜይ 21 ቀን መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ጥለው ወጡ። ቡሽ በቦታቸው ለተተኩት ለሌተና ጄኔራል ተስፋዬ ገብረ ኪዳን ደብዳቤ ጽፈው ሕዝቡ እንዲለቀቅ ጠየቁ። 35 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፈልም ስምምነት ተደረገ፤ ገንዘቡ የመጣው ከአሜሪካ አይሁድ መዋጮ ነው። ወደ አዲስ አበባ እየተቃረበ የነበረው የኢሕአዴግ ጦርም ጥቂት እንዲታገሥ የአሜሪካ ባለሥልጣናት ጠየቁት።

ሜይ 24 እና 25 ቀን 1991 በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ተሻገረ። ከ30 በላይ አውሮፕላኖች ተመላለሱ፤ በአንደኛው የኤል ዓል አውሮፕላን ብቻ ከ1,000 በላይ ሰው ተጭኖ ነበር፤ መቀመጫው ተነቅሎ ሰው ወለሉ ላይ ተደርድሮ። ኢሕአዴግ አዲስ አበባ የገባው ሜይ 28 ነው፤ ዘመቻው ካበቃ በሦስተኛው ቀን።

አሜሪካ ይህን ያደረገችው ለምንድን ነው? ከሥልጣን የሚወርድ መንግሥት ያለ ከተማ ውጊያ እንዲወርድ ትፈልግ ነበር። አዲስ ከሚመጣው ኃይል ጋርም መስመር ማበጀት ትፈልግ ነበር። የገዛ ዜጎቿም ለዓመታት ወትውተዋት ነበር። ሦስቱ ባንድ ቀን ሲገጥሙ በሩ ተከፈተ። ከዚያ በፊት ግን ያ ሁሉ ሕዝብ ቤቱን ዘግቶ፣ ከብቱን ሸጦ፣ አዲስ አበባ ደጃፍ ላይ ባይቀመጥ ኖሮ የሚከፈተው በር ለማን ይሆን ነበር?

እዚህ በአሽቀሎን

ያው ኃይል ከመጣን በኋላም አልተለየንም። እስራኤል አዲስ መጪዎችን ለማስፈር የ10 ቢሊዮን ዶላር ብድር አሜሪካ ዋስ እንድትሆናት በ1991 ጠየቀች። በሜይ ወር ስለ እኛ ደብዳቤ የጻፉት እኚያው ቡሽ በሴፕቴምበር ወር ምክር ቤታቸው ጉዳዩን ለ120 ቀን እንዲያዘገየው ጠየቁ፤ ምክንያታቸውም በተያዙት ግዛቶች የሚደረገው የሰፈራ ሥራ ነበር። ዋስትናው የተፈቀደው በ1992 ይስሐቅ ራቢን ጠቅላይ ሚኒስትር ከሆኑ በኋላ ነው። በአራት ወር ውስጥ አንድ ሰው ረድቶም ከልክሎም አየነው። ጠባዩ ተለውጦ ሳይሆን ጉዳዩ ተለውጦ ነው።

ከ2003 ጀምሮ የባልቲሞር ከተማ አይሁድ ማኅበረሰብ ከአሽቀሎን ጋር ተጣምሮ በትምህርትና በማኅበራዊ ሥራ ይተባበራል። በኤፕሪል 2011 ደግሞ ሁላችንም የምናውቀው ነገር ተፈጸመ። ከጋዛ ወደ አሽቀሎን የተተኮሰ ሮኬት በሰማይ ላይ ሳለ ተመትቶ ወደቀ። ኪፓት ባርዜል በውጊያ ላይ ሮኬት ሲመታ ያ የመጀመሪያው ነበር። መሣሪያው የእስራኤል ሥራ ሲሆን፣ ለማስፋፊያው አሜሪካ በ2010 205 ሚሊዮን ዶላር ፈቅዳ ነበር። አዛቃ ሲጮኽ ልጆቻችንን ይዘን ወደ ሚክላት የምንሮጥ እኛ፣ የሩቅ አገር ምክር ቤት ውሳኔ ከራሳችን ጣሪያ በላይ ምን ማለት እንደ ሆነ ለማስረዳት መጽሐፍ አያሻንም።

ምን እንማር?

እንግዲህ ልጆቻችን ሲጠይቁን ምን እንበል? በመጀመሪያ እውነቱን እንንገራቸው። አሜሪካ በ1935 ዘግታብናለች፤ በ1985 እና በ1991 ከፍታልናለች። ሁለቱንም ጊዜ ጥቅሟን አይታለች። ይህን ማወቅ ምስጋናን አይቀንስም። ደብዳቤ ለፈረመው ሴናተር፣ ካርቱም ላይ ሥራውን ሠርቶ ላመቻቸው ሰው፣ ብሩን ላዋጣው የባሕር ማዶ ቤተሰብ ምስጋና ይገባቸዋል። ምስጋና ግን ዕዳ አይደለም፤ ልጆቻችን አንገታቸውን ደፍተው እንዲኖሩ የሚያደርግ ውለታ የለም። ከጎንደር እስከ ገዳሪፍ የተጓዘው እግር የእኛው ነበርና።

ሁለተኛው ትምህርት ለሚጠባበቁት ወገኖቻችን የሚሆን ነው። መንግሥት የሚንቀሳቀሰው ጥቅሙና የዜጋው ድምፅ ሲገናኙ መሆኑን አይተናል። ያን ጊዜ ድምፅ የሆኑልን ሌሎች ነበሩ። ዛሬ እኛ ራሳችን ዜጎች ነን፤ የመምረጥ መብት፣ የክኔሴት አባላትና የከተማ ምክር ቤት አለን። ስለዚህ የሚጠብቅ ዘመድ ያለው ቤተሰብ ሁሉ የዘመዶቹን ስም፣ የመጡበትን መንደርና ተራ መጠበቅ የጀመሩበትን ዓመት በወረቀት ጽፎ ይያዝ። ለብቻው ከሚጽፍም ከሌሎች ጋር አብሮ ይጻፍ፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላልና።

በመጨረሻም አያቶችን እንጠይቅ። መቶ ሴናተሮች መፈረማቸውን ከመጽሐፍ ማግኘት ይቻላል። በየትኛው ሌሊት ከመንደር እንደ ወጡ፣ ማንን በመንገድ እንደ ቀበሩ፣ ውኃ ማን እንደ ሰጣቸው ግን በየቤታችን ካሉት ሽማግሌዎች በቀር የሚነግረን የለም። ልጆቻችሁ ዛሬ ማታ ይጠይቋቸው፤ የሰሙትንም በዕብራይስጥም ሆነ በአማርኛ ይጻፉት።

የሚጠባበቁትን ወገኖቻችንን በሰላም ያገናኘን።